ስለ አውታር እዝዝታና ስለ ችኩል ፍርድ

አንድ ነገር ድምፁ ሲከፋብን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የምንፈርደው በምን መንገድ ነው? ይህ ጥያቄ ለዳኛና ለመምህር ብቻ የሚገባ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጅ የሚያሳድግ፥ ሠራተኛ የሚያዝ፥ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ በየቀኑ ይፈርዳል። እኔ መልሱን የተማርሁት ከአንድ አሮጌ ማንዶሊን ስለ ሆነ ነገሩን ለአንባቢዎች ላቀርብ ወደድሁ።

ማንዶሊን ከኢጣልያ አገር፥ ይልቁንም ከናፖሊ ከተማ ስሙ የታወቀ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የብረት አውታሮቹ 8 ሲሆኑ ሁለት ሁለቱ በአንድ ድምፅ ስለሚቃኙ 4 ጥንድ ይሆናሉ። አውታሮቹ የሚያርፉት በደረቱ ላይ በቆመች ትንሽ እንጨት ላይ ነው፤ የአገራችን ደርዳሪዎች በክራርና በበገና ላይ ያለችውን እንዲህ ያለችውን እንጨት ብርኩማ ይሏታል። የማንዶሊን ብርኩማ በሙጫ አትጣበቅም፤ የአውታሮቹ ጭነት ብቻ ይይዛታል።

ከአባቴ የተረፈኝን ማንዶሊን ለእኅቴ ልጅ ሰጥቼው ነበር። ልጁ ሲደረድር አውታሩ እንደ ታሰረ ንብ እዝዝ ይላል። እኔም «ጣትህ ሰነፍ ነው፤ አጥብቀህ አትጫንም» እያልሁ ብዙ ቀን ገሠጽሁት። «ጋሼ፥ አጥብቄ ይዣለሁ እኮ» ቢለኝ ምክንያት ማብዛት መሰለኝ። በኋላም ወረቀት አጥፌ ከብርኩማዋ በታች ሸጐጥሁ። እዝዝታው ጠፋ፤ ነገር ግን አውታሩ ከመጠን በላይ ከፍ ስላለ የልጁ ጣት ቈሰለ፥ ድምፁ ደነዘዘ፥ ቅኝቱም ተዛባ። ልጁ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተወው። እኔም ስንፍናው ተረጋገጠ ብዬ ዝም አልሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማንዶሊኑን በገና ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ወሰድሁት። ሽማግሌው ወረቀቱን አውጥተው ጣሉና «አስቀድመን የት የት እንደሚጮኽ እንጠይቀው» አሉኝ። አውታሩ ሳይጫኑት ብቻ እዝዝ ካለና ሲጫኑት ከተወ፥ ጥፋቱ በአንገቱ ጫፍ አውታሩ በሚያልፍበት ቦይ ነው፤ ከመጠን በላይ ጠልቋል ማለት ነው። በአንድ ስፍራ ብቻ ከጮኸ፥ በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ ተበልቷል፥ ወይም ቀጣዩ ከፍ ብሏል። የትም ቢጫኑት ሳይለወጥ የሚጮኽ ከሆነ የላላ ብሎን ይፈለጋል። በስፍራው ሁሉ ከጮኸ ግን አንገቱ ወደ ኋላ ጐብጦ፥ ወይም በበጋ ድርቀት ደረቱ ዝቅ ብሎ፥ ወይም ብርኩማዋ አጥራ ይሆናል። የኛው በስፍራው ሁሉ የሚጮኽ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው አንገቱን አይተው ቀና መሆኑን አረጋገጡ፤ ብርኩማዋን አንሥተው አሳዩኝ፤ አውታሮቹ እንደ መጋዝ ቈርጠዋታል። «የልጁ ጣት አልበደለም። ይህን ቦይ የቈፈረው የአባትዎና የእርስዎ ዘመን ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አዲሲቱን ብርኩማ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ጠረቡ። የብርጭቆ ወረቀት በደረቱ ላይ ዘርግተው እግርዋን በዚያ ላይ እያሹ ከደረቱ ጕብጕብታ ጋር አስማሙት፤ እግርዋ በሙሉ ካላረፈ ድምፁ ወደ ደረቱ አይወርድምና። ቦታዋንም በልክ አገኙ። ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ብረት ያለው ርቀት፥ ከ12ኛው ብረት እስከ ብርኩማዋ ካለው ጋር በጥቂት ሲቀር እኩል መሆን አለበት። በ12ኛው ላይ የተጫኑት ድምፅ ከቀጠነ ብርኩማዋን ወደ ኋላ፥ ከወፈረ ወደ አንገቱ ያስጠጓታል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. የአሜሪካው የጊብሰን ኩባንያ በሁለት ብሎኖች ከፍና ዝቅ የምትል ብርኩማ አስመዝግቧል፤ ዛሬም በብዙ ማንዶሊኖች ላይ እንዲህ ያለችው ትገኛለች። መልካም ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ማንሣት እንዲህ ከቀለለ ሳይመረምሩ ማንሣት ይቀናል። አንድ ብረት ስለ ተበላ አውታሩ ሁሉ ከፍ ሲል ያለ ጥፋታቸው የሚከብዱት ብዙ ናቸው።

እኔም «እንግዲህ እዝዝታ ክፉ ነገር ነው» ብል፥ ሽማግሌው በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው በገና አመለከቱኝ። በ10ሩ የአንጀት አውታሮችና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቍራጮች አሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ የሚሰጠው ያ እዝዝታ የበገናው ድምፅ ነው። «እዚያ እንዲጠፋ የደከምሁበትን እዚህ እንዲመጣ እደክምበታለሁ፤ በገና እዝ ካላለ እንደ ታመመ ቈጥረው ያመጡልኛል» አሉኝ።

ታዲያ መልካምና ክፉ በየቦታው ይለዋወጣል ማለት ነውን? አይደለም። በበገናው ላይ እዝዝታው በባለሙያ ፈቃድና ልክ የመጣ ነው፤ በማንዶሊኑ ላይ ግን ከመበላት የመጣ ነው። ስለዚህ ፈራጅ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ድምፅ በዚህ ስፍራ የተገባ ነውን? ካልተገባስ ከየት መጣ? ለጆሮዬ አልጣመኝም ማለት ከሁለቱ ለአንዱም መልስ አይሆንም።

ወደ ቤቴ ተመልሼ የእኅቴን ልጅ ጠራሁና «ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ለታላቅ ሰው ልጅን ይቅርታ መለመን ክብርን መቀነስ ይመስለኝ ነበር። ልጁ አንዳች ሳይመልስልኝ ማንዶሊኑን ተቀብሎ መቃኘት ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፥ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው። በልጅህ ወይም በሎሌህ ላይ ከመጮኽህ በፊት፥ እርሱ የቆመባትን እንጨት አንሥተህ ተመልከት፤ ምናልባት የቈፈርሃት አንተ ትሆናለህ።