ዓይን የሌለው ጎረቤቱን ሲለይ

ሰው ወገኑ ያልሆነውን መጥላቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉን። ክርክሩ ከሻይ ሰዓት ይጀምርና መብራት እስኪጠፋ ይዘልቃል። «ጉንዳን እንኳ ከሌላ ጎሬ የመጣውን ይነክሳል፤ ሰው ምን የተለየ ነገር አለው?» ይሉናል። መልካም። ተፈጥሮ ለምስክርነት ከተጠራች ቃሏን እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ስለዚህ ጉንዳንን እንተወውና ወደ ባሕር እንውረድ፤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንጎልም የሌለውን ኮራልን እንጠይቅ።

ኮራል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድንጋይ ነው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የታነጹበት ያ ነጭ ድንጋይ ኮራል ነው። ድንጋዩ ግን የእንስሳው ቤት እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ፖሊፕ ይባላል፤ ከረጢት የመሰለ ሆድ፣ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ደግሞ መዳሰሻዎች፤ በቃ ይኸው ነው። ፖሊፑ ለሁለት እየተከፈለ ይበዛል፣ የተከፈሉትም በሥጋ እንደተያያዙ ይቀራሉ፣ ከሥራቸውም የኖራ አጽም ያነጥፋሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች አንድ ማኅበር ሆነው ሲኖሩ አንዱ የበላው ለሌላው ይደርሳል። እንግዲህ «እኔ» የሚለው ቃል ገና ከመነሻው ያስቸግራል። እኔ ባዩ ፖሊፑ ነው ወይስ ማኅበሩ?

ማኅበሩ በበኩሉ የተቸገረ አይመስልም። ከአንድ ኮራል ላይ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ከእናቱ ጎን ቢቀመጥ ሥጋ ከሥጋ ይገጥማል፤ ስፌቱም አይታይም። ቁራጩ ከሌላ ማኅበር የመጣ ከሆነ ግን፣ ዝርያቸው አንድ ቢሆንም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመገናኛው ላይ ሥጋ ይሞታል። ይባስ ብሎ ቂም የሚመስል ነገርም ተገኝቷል። ሂልደማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ የኮራል ዝርያ ቀድሞ የነካውን ባዕድ ሥጋ ዳግመኛ ሲያገኘው ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያስወግደው ገለጹ። አንጎል የሌለው ያስታውሳል ማለት ነው።

ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ፈገግ ይላሉ። ገና ነው፣ አይቸኩሉ።

ጁዲት ላንግ የተባሉ ተመራማሪ በጃማይካ ባሕር ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተሙ። ሊቃውንት አንድ ዝርያ ናቸው ብለው የመዘገቧቸው ስኮሊሚያ የሚባሉ ኮራሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ አንዱ የሆድ ዕቃውን ክሮች ወደ ውጭ አውጥቶ የጎረቤቱን ሥጋ ከሆዱ ውጭ ፈጨው። በኋላ ሲመረመር ዝርያቸው የተለያየ ኖሯል። ሊቃውንቱ በአጉሊ መነጽር ያልለዩትን ኮራሉ በሆዱ ለየው! ላንግ ጥናቱን በ1973 ሲቀጥሉ ደግሞ አንድ ቁም ነገር ታየ፤ በዚህ ዓይነት ውጊያ ኃይለኞቹ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብለው የሚያድጉት ናቸው። ፈጣኖቹ፣ ቅርንጫፋሞቹ፣ ሆዳቸውን ማውጣት ሳያስፈልጋቸው ከላይ ይዘረጉና ብርሃን ይከለክላሉ። አንዱ በሆዱ ይገድላል፣ ሌላው በጥላው። (በጥላው የሚገድለውን ማንም ጨካኝ ብሎ አለመጥራቱ ይገርመናል።) ዌሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1980 ከፓናማ የጻፉት ደግሞ አለ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ የተሸነፈው ኮራል ጊዜ ወስዶ ረዣዥም ተናዳፊ መዳሰሻዎችን ያበቅልና ያሸነፈውን መልሶ ይጎዳዋል።

ጠቡ ስለ ምንድን ነው? ስለ ቦታና ስለ ብርሃን ነው። ጥላቻ የሚባለው ነገር በመካከሉ የት አለ? እኛ ፈልገን አጣነው። ኮራሉ «ይህ እኔ አይደለሁም» ከሚለው አልፎ «ይህ ክፉ ነው» የሚልበት ዕቃ የለውም። ጥላቻውን ከደረቅ መሬት ተሸክመን ወደ ባሕር ያወረድነው፣ ከዚያም «እዩት፣ ባሕር ውስጥ ተገኘ!» ያልነው እኛው ነን።

ደግሞ ይህ ድንበሩን በሞት የሚጠብቅ ፍጡር ሥጋው ውስጥ ማንን እንዳስገባ ይታይ። በሕዋሳቱ ውስጥ አልጌ ይኖራል። አልጌው እንስሳ አይደለም፣ ዘመድም አይደለም፤ ከኮራሉ የሚርቀው የአንድ ዝርያ ጎረቤት ከሚርቀው እጅግ በበለጠ ነው። አልጌው ግን ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ጥልቀት በሌለው ባሕር ሪፍ የሚገነቡት ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያጡና ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ብዙ ሪፎች በዚህ ተጎድተዋል፤ በሚያዝያ 2024 ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ ንጣት ታወጀ። እንግዲህ ወገን የሚባለው በሥጋ የቀረበው ነው ለሚሉን ጥያቄ አለን፤ የገዛ ዝርያው ደጅ ላይ ሲገደል፣ ሩቁ ባዕድ ጓዳ ገብቶ ሲያበስል፣ ለኮራሉ ወገኑ የትኛው ነው?

ሌላም አለ። ስታይሎፎራ የተባለ የቀይ ባሕር ኮራል በሰሜን ጫፍ በኤይላት ሲጠና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከሁለት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት ኮራሎች ከማይዛመዷቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነካኩ ሥጋቸው ይዋሃዳል። ባዕዱን እንደ ጎልማሳ የሚለዩት አራት ወር ሲሞላቸው ነው። ድንበሩ አብሯቸው አልተወለደም፤ ደረጃ በደረጃ በሰለ።

ይህን ስናነብ ልባችን ሞቆ ነበር። «ይኸው! ተፈጥሮ ለእኛ መሰከረች!» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ግን ልክ አይሆንም። ወዳጃችን ከጉንዳን የወሰደው ምስክርነት ካልተቀበልነው፣ እኛ ከሕፃን ኮራል የወሰድነውንም እርሱ መቀበል የለበትም። ከባሕሩ ዳር ውህደትም፣ ግድያም፣ እንግዳ ተቀባይነትም ይገኛል። ለሁሉም የሚሆን ምስክር ለማንም አይሆንም።

ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ኮራሎች በኃይል እኩል ይሆኑና ማንም ሳያሸንፍ ይቆማሉ። በመካከላቸው ጠባብ የሞተ ሰንጥቅ ይቀራል። ጦርነት አለ እንዳይባል የሚዋጋ የለም፤ ሰላም ነው እንዳይባል መሬቱ የማንም አይደለም። ብዙ ጎረቤቶች፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሰዎች፣ እንዲህ ሲኖሩ አይተናል። ለኮራል ግን ከዚህ ሌላ አልታዘዘለትም፤ መለየቱና መመለሱ በሥጋው ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፣ በመካከላቸው ሐሳብ የሚገባበት ቦታ የለም።

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። «በተፈጥሮዬ ነው የጠላሁት» የሚል ሰው ምን እያደረገ ነው? ምክንያት እየሰጠ ነው። ምክንያት የሚሰጥ ደግሞ ምክንያት ሊጠየቅ ይችላል፤ «ለምን?» ሲባል ለማምለጥ ወደ ኮራል ቢሮጥ፣ ኮራሉ ለማንም ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም። ሰበብ የሚፈልግ ፍጡር ከሰበቡ በፊት የቆመበት ባዶ ስፍራ አለ። ስፍራው ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ በረሃብና በፍርሃት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይጠባል፤ ይህን አንክድም። ቢሆንም አለ።

አዲስ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም «ከየት ነህ?» እንለዋለን። ጥያቄው ራሱ ምንም አይደለም፤ ኮራልም ይጠይቃል። እርሱ መልሱን ከነገረን በኋላ፣ እኛ ቀጥለን አንድ ነገር እስክንናገር ድረስ ያለችው ያቺ ዝምታ ነች የምታሳስበን። «ና ሻይ ጠጣ» ሊባል ይችላል፤ «አንተ እዚያ ማዶ ያለውን አልጋ ያዝ» ሊባልም ይችላል።