እግር ማጠብ

ጤና የግለሰብ ሀብት ነው ወይስ የትዳር? ጥያቄው በረቂቁ ሲነሣ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሕመሙን የሚሸከመው አንዱ አካል ብቻ ነውና። ከነቀምቴ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ጉቴ፣ ወደ ቀዩ የወለጋ አፈር ሲወርድ ግን ጥያቄው ይከብዳል።

ጉቴ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። በወረዳው ዝሆኔ በሕዝቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህ ዝሆኔ ትንኝ የምታመጣው ዓይነት አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ብዙ ዝናብ፣ ባዶ እግርና በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይሁን እንጂ ባልና ሚስት በአንድ ማሳ ይውላሉ። ሁለቱም ሲታመሙ ጎረቤት «አስያዛት» ይላል፤ ጥፋተኛው ግን ከእግራቸው ሥር ያለው አፈር ነው። ከዚህ ስሕተት የሚወለደው ጭካኔ ብዙ ነው፤ መኝታ ይለያል፣ እጮኝነት ይፈርሳል፣ ያበጠ እግር በቀሚስ ሥር ይደበቃል። የተደበቀ እግር ደግሞ ሕክምና አያገኝም።

ሕክምናውስ ምንድን ነው? በየዕለቱ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን እንክብካቤ ወዲያው ያገኙት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ሲያገረሽባቸው፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩት 23.9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው በትኩሳትና በቁርጥማት ተይዞ አልጋ ላይ ላልዋለ ሰው ነው።

በየገጠሩ አንድ ነባር ልማድ አለ። ባል ከእርሻ ሲመለስ ሚስት ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥብለታለች። ደራስያን ይህን አንዳንዴ የፍቅር፣ አንዳንዴ የጭቆና ምልክት አድርገው ያዩታል (ሁለቱም መብቱ አላቸው)። በዝሆኔ አገር ግን ከምልክትነት ያልፋል። በመነሻው ደረጃ እብጠቱ ወደ ማታ ይታያል፤ ሌሊቱን አርፎ ሲነጋ ይሟሽሻል። እንግዲህ የባልን እግር በየምሽቱ በእጇ የምትዳስስ ሚስት፣ ሳታውቀው የመጀመሪያዋ መርማሪ ናት።

እርሷም በባዶ እግሯ ስታርም፣ ውሃ ስትቀዳ ውላለች። «ውሃው በእጇ ነው፤ ለራሷም ትታጠብ» የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር የእንስራውን ልክ ይረሳል። ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የመጣ ውሃ ለወጥ፣ ለልጆች፣ ለባል እግር ተከፋፍሎ ሲያበቃ ለእርሷ የሚተርፈው የእንስራው ቂጥ ነው። ጫማም ቢሆን በቅድሚያ የሚገዛው ገበያና ስብሰባ ለሚወጣው ነው። ጣቷን ሲያሳክካት፣ መርገጫዋን ሲያቃጥላት ድካም ነው ብላ ትተኛለች። በዚያ ምሽት እግሯን ያየ፣ በእጁም የዳሰሰ የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትደርስ እብጠቱ ሟሽሿል።