እንቁላል ያቋረጠች ዶሮ ሐቅ

ለመሆኑ አንዲት አንካሳ ዶሮ በባለቤቷ ላይ ሐቅ አላትን? ጥያቄው ለጋዜጣ የማይበቃ ተራ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ እኔ በምኖርበት በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ አስከተማ ከተማ፣ ደጃፌን የረገጠ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ በተለያየ አነጋገር ሳይጠይቀኝ አይሄድም። «ይህችን ደግሞ ምን ልትሆናችሁ ነው የምትቀልቧት?» ይላል።

የዶሮዋ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ይሆናል፤ አንድ ዘመዳችን ከሰቆጣ ገበያ ቄብ ገዝቶ ላከልን። እንደተለመደው ሁለት እግሮቿ በሲባጎ ተጠፍረው፣ በመኪና ጣሪያ ላይ በጆንያዎች መካከል ተወሽቃ ነው የደረሰችው። ሲባጎው ሲፈታ ግራ እግሯ አብጦ፣ ቆዳው ተልጦ ነበር። ልጄ ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠበች በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችላት። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቿ ግን ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀሩ። ጥቂት ወራት እንቁላል ጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አቋረጠች።

አንካሳ ዶሮን ማኖር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ዶሮ ጭራ የምታድር ፍጡር ናት። እግሯ ሲሰናከል ትሉንም ጥሬውንም መሬት ጭራ ማግኘት ስለማትችል ምግቧንና ውኃዋን ከፊቷ ማድረግ ግድ ነው። ሌሎቹ ዶሮዎች ድካሟን ወዲያው ያውቁባታል፤ ከምግቡ ያባርሯታል፣ ጭንቅላቷን ይነቁሯታል። ስለዚህ ለብቻዋ ትበላለች። ቆጥ ላይ መውጣት አይሆንላትም፤ መሬት ላይ ብትተው ደግሞ ሸለምጥማጥ አለ። በመሆኑም ሌሊት ቅርጫት ተደፍቶባት ከእኛው ጋር ቤት ታድራለች። የምትውለው ተቀምጣ ስለሆነ ደረቷ እንዳይቆስል ከሥሯ ያለው ገለባ በየቀኑ መለወጥ አለበት። ወጪው በቀን እፍኝ ማሽላ ነው፤ ድካሙ ግን ከወጪው ይበልጣል።

እንግዶቼ የሚመክሩኝ እንዳርዳት ነው። ይህን ምክር እንደ ጭካኔ አላየውም። የዶሮ ሥጋ ሐላል ነው፤ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውን የተናገሩበት ሐዲስ በቡኻሪ ዘንድ ይገኛል። ከዚህም የሚጠነክር ክርክር አላቸው። ዶሮዋ አንድ ሌሊት በራሷ ብትሞት በክት ናት፤ ለማንም ሳትሆን ትጣላለች። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እኛ ያረድነውን እነርሱ አይበሉም፣ እነርሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም። በክት ግን ሁላችንም አንበላም። «ሳትሞት ትታረድ» ማለት ሪዝቅን ላለማባከን ከመጨነቅ የመጣ ስለሆነ ሊከበር የሚገባው ሐሳብ ነው።

ነገር ግን «ማረድ ይፈቀዳል» ማለትና «ካላረድክ ምንም አትጠየቅም» ማለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚያው በቡኻሪ ኢብኑ ዑመር ዶሮ አስረው ዒላማ በመምታት የሚጫወቱ ወጣቶች እንዳጋጠሟቸው ተዘግቧል። ወጣቶቹ ሲያዩዋቸው ተበተኑ፤ እርሳቸውም እንዲህ ያለውን የሚፈጽም ሰው በነቢዩ አንደበት የተረገመ መሆኑን ተናገሩ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያች ለመብል የተፈቀደች ዶሮና ይህች ማሠቃየቷ የሚያስረግመው ዶሮ አንድ ናት።

በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ አድ-ዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም ደግሞ እንስሳት በሰው ላይ ያሏቸውን ሐቆች ሲዘረዝሩ ቀለባቸውን አስቀድመዋል። ይህም ሐቅ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ እንደማይቀር ገልጸዋል። የሚገርመው ይህ ነው። ጥቅም የሌለውን እንስሳ መቀለብ የለስላሳ ልብ ወይም የልጅ ጨዋታ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ያለ ዕዳ ነው ማለታቸው ነው።

ከዚህ በመነሳት እኔ ከባዱ ጥፋት ያለው በቢላዋው ዘንድ አይመስለኝም። በድመቷ ሰበብ የተቀጣችው ሴት ታሪክ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ሴትዮዋ ድመቷን በቢላ አልወጋቻትም። የዘጋችባት፣ ያላበላቻት፣ ወጥታም የራሷን እንዳትፈልግ ያልለቀቀቻት በመሆኗ ነው የተጠየቀችው። በየቤታችን የሚሠራው ይኸው አይደለምን? አንካሳዋን ዶሮ አናርዳትም፤ ሥጋ የላትም። አንቀልባትም፤ እንቁላል የላትም። ጓሮ ትተዋለች፤ ጭልፊቱ ወይም ረሀቡ እስኪወስዳት። ማንም ስላልገደላት ማንም ጥፋተኛ ያልሆነ ይመስላል።

«ሰው በሚራብበት አገር ለዶሮ እህል?» የሚል ይኖራል። እዚህ ዋግ ውስጥ ይህ ለክርክር ያህል የሚነሳ ነገር አይደለም። የ1977ን ረሀብ የሚያስታውሱ አባቶች በመካከላችን አሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ድርቅም በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ሰው ከብቱ ሲያልቅበት ዐይተናል። ለልጁ የሚያጎርሰው ያጣ ሰው ዶሮውን ቢሸጥ ወይም ቢያርድ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ፉቀሃውም ቀለብ ያልቻለ ባለቤት እንዲሸጥ ወይም የሚበላ ከሆነ እንዲያርድ ነው ያሉት። እኔ የምናገረው ግን ረሀብን ሳይሆን ሒሳብን ምክንያት ስለሚያደርገው ሰው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ስለ እፍኝ ማሽላ የረሀብተኛን ስም ሲጠራ አይጥመኝም። ያ እፍኝ ከዶሮዋ ቢቀር ለተራበው ይደርሳልን?

ሒሳቡም ቢሆን አይሠራም። የአገራችን ዶሮ በአማካይ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው ይባላል። ታዲያ ጤነኛዋም ብትሆን ከዓመቱ ቀናት አብዛኛውን ያለ እንቁላል ነው የምትውለው፤ ያን ጊዜ ግን ቀለቧን የሚቆጥርባት የለም። አንካሳዋ ላይ ስንደርስ ነው ሁላችንም ነጋዴ የምንሆነው።

በተለይ እናንተ በአዲስ አበባና በደሴ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ዶሮ ማኖሪያ ጓሮ የለንም ብላችሁ ይህ እኛን አይመለከተንም እንዳትሉ። ለዒድ የምትገዙት ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ፣ ራሷ ወደ ታች ተዘቅዝቃ ነው በእጃችሁ የምትገባው። ሸሪዓ ቢላዋው እንዲሳልና የሚታረደው እንስሳ እንዳይጉላላ ያዘዘው ለመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ነውን? ሲባጎው ከቢላዋው በፊት ሰዓታት ሙሉ ሠርቷል። የእኛይቱን ያሰናከላትም እርሱው ነው፤ በበሽታ ወይም በፈንግል አይደለም። ሰው የሰበረውን ፍጡር «ጥቅም የለሽ» ብሎ መጥራት ለእኔ እጅግ ይከብደኛል።

ቁስሉ ዳግም አመርቅዞ መብላት ካቆመች፣ በሥቃይ ከማቆየት በደንብ በተሳለ ቢላዋ ማረድ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። ልጄ ግን በዚህ አትስማማም። «አባባ፣ የኔ ናት፤ አንተ ምን አገባህ?» ትላለች። በአገራችን ዶሮ የሴትና የልጅ ሀብት ስለሆነች፣ በባለቤትነቱ በኩል መልስ አላገኘሁላትም።