በዓይንህ አይተሃልን?

መጥፎ ነገርን ለማስወገድ ሲባል ያላዩትን «አይቻለሁ» ማለት ይፈቀዳልን? መልሱን ለደረሶቼ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ፈተናው በራሴ ላይ ሲመጣ ግን እጄ ቀድሞኝ ፈረመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመድረሳችን ራቅ ብላ አንዲት ግሮሰሪ ነበረች። አንድ ቀን ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ፣ መጠጥ መጠጥ እየሸተተ መጣ። ወላጆች ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። በ2011 ዓ.ል. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። አባቶች ተሰብስበው፣ «ግሮሰሪዋ ለልጆች ስትሸጥ በዓይናችን አይተናል» ብለው ለወረዳው ጻፉ። እኔም ፈረምኩ። አላየሁም ነበር።

ከወረዳው የመጣ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ፣ «መምህር፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል?» አለኝ። አፈርኩ። «ሰምቼ ነው እንጂ አላየሁም» አልኩት። ከፈረሙት መካከል ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ወላጆቹ ግን አዘኑብኝ። «ኸምር ሐራም ነው፤ ሐራምን ለማዘጋት ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ያሉኝ አሉ።

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ኸምርን የሚከለክለው የሱረቱል ማኢዳ 90ኛ አንቀጽ ባለበት በዚያው ሱራ፣ 8ኛው አንቀጽ ሰዎችን መጥላታችን ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዝዛል። የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ.) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ በሐሰት መመስከር ላይ ሲደርሱ ግን ተነስተው ተቀመጡ፤ ደጋግመውም አስጠነቀቁ።

ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በመዲና ሌሊት ሲዘዋወሩ የዘፈን ድምፅ ሰሙና ግድግዳ ዘለው ገቡ። ሰውየውን ከመጠጥ ጋር አገኙት። እሱም፣ እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል፤ ሰልለሃል፣ በበር አልገባህም፣ ሳታስፈቅድ ገብተሃል አላቸው። አሚሩል ሙእሚኒን እውነቱን ተቀብለው ትተውት ወጡ።

በርግጥ ግሮሰሪ የሰው ጓዳ አይደለም። ፈቃድ ያወጣ ነጋዴ በግልጽ ለሕዝብ ይሸጣል፤ ተቆጣጣሪም በሥራ ሰዓት በበሩ ገብቶ ማየት መብቱ ነው። ይህ ስለላ አይደለም። ሆኖም በጥርጣሬ ብቻ የሚያሽግ ባለሥልጣን ነገ በጥላቻ ያሽጋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጉቦ ተቀብሎ ይከፍታል። ዛሬ ለጠላነው ቤት ያለ ማስረጃ የመጣው ማሸጊያ ነገ የኛን ሱቅና መድረሳ የማይነካበት ምክንያት የለም።

ለመሆኑ እውነቱን የሚያውቅ አልነበረምን? ነበር። ልጁ ራሱ ነበር። የቤተሰቡን ገመና እንሸፍን ብለን ማንም አልጠየቀውም። ገመና መሸፈን የተወደደ ነው፤ በሐሰት መሸፈን ግን አይደለም። የአንድን አባት ኀፍረት ለማዳን ብለን ሁላችንም ውሸት ፈረምን።

በመጨረሻ አባትየው የልጁን እጅ ይዞ ወረዳ ሄደ። ልጁ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደገዛ ተናገረ። ለግሮሰሪዋ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ባለቤቱም ፈረመ። ብዙዎች «ይህ ብቻ?» አሉ። እኔ ግን ስለ ሐቅ ብሎ ኀፍረቱን የዋጠውን አባት አልረሳውም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችንን ከኸምር ስንጠብቅ ከሐሰትም እንጠብቃቸው። እኛ ያላየነውን ስንፈርም እነሱ ያዩናል።

ወላሁ አዕለም።