ከጎኔ ያልተቀመጠው ባልንጀራ

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችንም ሲጠያየቁበት የኖሩት ነው። ይኸውም፦ ክርስቲያን ክርስትናውን የሚኖረው የት ነው? እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ሲቆም ነው? ወይስ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ስሙ ሲጠራም ጭምር? ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ቀላል ይመስላል። “እንዴ! በሁለቱም ነው እንጂ” የማይል ማን አለ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እያወቅነውም ሰኞን ከእሑድ ለይተን እንኖራለን። ይህች አጭር ሐተታ ስለዚሁ መለያየት ናት።

ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ በራሴ ከደረሰው ልጀምር።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ ዓርብ የሒሳብ ፈተና ነበረን። ፈተናው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። እኔ እስከ 9 ሰዓት የምጾም ሰው ነበርኩ። የዶርም ልጆች ካፌ ሄደው ሽሮአቸውን በልተው ሲመለሱ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዳዊት እደግም ነበር። እውነቱን ለመናገር በመጾሜ ትንሽ ኮርቼም ነበር። ፈተናው ክፍል ገባን። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገልኝ፤ ቀደም ብለን የተስማማንበት ነገር ነበር። ገለበጥኩ። ሦስተኛውን ገልብጬም አልበቃኝም፤ አራተኛውንና ስድስተኛውንም ደገምኩ። ስንወጣ 10 ሰዓት ሆኗል። ዶርም ገብቼ፣ ከቤት የተላከልኝን በሶ በጥብጬ፣ አማትቤ ጾሜን ፈታሁ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ብቀምስ ኖሮ ሌሊቱን ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ያድር ነበር። የሰው ድካም ስወስድ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሆዴ ጾመ፣ ዓይኔ በላ።

ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ክፍል ምደባ መጣ። ምደባው እንደምታውቁት በነጥብ ነው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ እኔ የፈለግሁት ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ገቢ ሆኜ ተገኘሁ። ከእኔ ቀጥሎ፣ ለጥቂት ነጥብ የቀረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በአንድ ዶርም የምንኖር ልጅ። ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ነው፤ በዚያ ፈተና ከማንም ጋር አልተስማማም፤ የሚያስኮርጀው ዘመድም ጓደኛም አልነበረውም። ያን ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በጊዜ ተኛ። “አይዞህ” አልነው። እኔም አብሬ “አይዞህ” አልኩት።

ቀኑ በሄደ ቁጥር ነገሩ አልለቅ ሲለኝ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። “አባ፣ ፈተና ላይ ሰርቄአለሁ” አልኳቸው። ስግደት አዘውልኝ የምገላገል መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን “ልጄ፣ የወሰድከው የማንን ነው?” አሉኝ።

“የጓደኛዬን መልስ ነው። እሱማ ፈቅዶ ነው የሰጠኝ።”

“እሱን ተወው። የጎደለበት ማን ነው?”

ዝም አልኩ። እሳቸውም “ስግደቱን ስገድ። ስግደትህ ግን ለጎደለበት ሰው አይደርሰውም” አሉኝ።

“የጎደለበት ማን ነው?” የምትለዋን ጥያቄ ይዤ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ሳቀብኝ። “አቦ፣ አታካብድ! ማስኮረጅ እኮ መረዳዳት ነው። ባልንጀራን መውደድ የታዘዘ አይደለም እንዴ?” አለኝ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኛ ተካፍሎ መብላት ያሳደገን ሰዎች ነን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ የሚጽፍ ተማሪ እንደ ንፉግ ይታያል፤ ጓደኛ ሲወድቅ ዝም ብሎ ማየት የጭካኔ ይመስላል። ኩረጃ ከእኛ ዘንድ የሚመጣው የፍቅር ልብስ ለብሶ ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው ለመለየት ያስቸገረን።

እስቲ ነገሩን በእንጀራ እንመዝነው። እንጀራዬን ለጓደኛዬ ቆርሼ ብሰጠው ከእኔ ሞሰብ ይጎድላል። የሰጠሁት የራሴን ነውና ይህ ፍቅር ነው። መልሴን ባስገለብጠው ግን ከእኔ ምን ይጎድላል? ምንም! የእኔ ነጥብ እንዳለ ነው። የሚጎድለው፣ ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ከሚታገለው ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ ለጋስ የሆንኩት ባልጠየቅሁት ሰው ድርሻ ነው። የሰው ሞሰብ ገልጦ ማጉረስ ልግስና ሊባል ይችላል?

ባልንጀራዬ ማን ነው? ተብሎ ክርስቶስ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። በመንገድ ዳር የወደቀውን ቁስለኛ ያነሣው ሳምራዊ ዘመዱን አልነበረም ያነሣው፤ አብሮ አደጉንም አልነበረም። አይሁድና ሳምራውያን በዚያ ዘመን የማይተባበሩ ሕዝቦች ነበሩ። እንግዲህ ባልንጀራ ማለት ከጎኔ የተቀመጠው ብቻ ከሆነ ሳምራዊው መንገዱን በቀጠለ ነበር። እኛ ግን ባልንጀራን አጥብበን አጥብበን የዶርምና የአገር ልጅ አደረግነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ አልን። በሌለበት ፈርመን “ተገኝቷል” እናሰኛለን። ነገ ደግሞ ቢሮ ስንገባ ወረፋ የያዘውን ሽማግሌ አልፈን የምናውቀውን ሰው ጉዳይ እናስቀድማለን፤ ያን ጊዜም “ረዳሁት” እንላለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው፤ የዛሬዋ የፈተና ወረቀት የነገ ማኅተም ትሆናለች።

ይህ የግል ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገው የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ስላስቸገረ ነው። ውጤቱ በጥር ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ 3.3 ያህል ብቻ ሆነ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መምህር ያጣ፣ መጽሐፍ ያጣ፣ ጦርነት የበተነው ትምህርት ቤት አለ። ሆኖም በጾምና በጸሎት የሚታወቅ አገር ልጆቹን ያለ ብዙ ጠባቂ መፈተን ካቃተው፣ እኛ ምእመናን ነን የምንል ሁሉ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

ጾሙን እያቃለልኩ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ከእነዚህ አንዱ የሦስት ቀን የነነዌ ጾም ነው። የዮናስን መጽሐፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ እስቲ አውጥታችሁ አስተውላችሁ አንብቡት። የነነዌ ሰዎች ጾሙ፤ ማቅ ለበሱ፤ ከብቶቻቸው እንኳ ሳይቀሩ ጾሙ። ንጉሡ ግን በዐዋጁ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አዘዘ። በመጨረሻ እግዚአብሔር ምን እንዳየ ሲነገር፣ ማቁን አየ አይልም፤ የከብቶቹን ረኃብ አየ አይልም። ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን አየ ነው የሚለው። ጾሙ ወደዚያ ያደረሳቸው መንገድ ነው። እኔ ያን ዓርብ መንገዱን ሄጄ ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩ።

አንዳንዱ “ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ክርስትና የሚፈተነው በትልቁ ነው” ይል ይሆናል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ታርደውና ተረሽነው ሲሞቱ አገር ሙሉ አልቅሷል። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ “እኔ ብሆን ኖሮስ?” ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። አሁን ሳስበው ግን ጥያቄው ያስፈራኛል። ለአንዲት የፈተና ነጥብ “እምቢ” ማለት ያቃተው ሰው፣ ለሕይወቱ “እምቢ” ማለትን ከየት ያመጣዋል? ጌታ ራሱ ሠላሳ ዓመት ያህል በናዝሬት፣ በጸራቢ ቤት፣ ማንም ሳያውቀው ኖሯል። የእኛ የአብዛኞቻችን ዕድሜም እንዲህ ባለ ቤትና እንዲህ ባለ ሥራ የሚያልቅ ነው።

ይህን የምጽፈው ከጻድቃን ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ የወሰደው ገንዘብ ነበርና ይቆጠራል። የትምህርት ክፍል ቦታ እንዴት ይመለሳል? ሬጅስትራር ሄጄ “ቦታው የእኔ አይደለም” ልል ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ድፍረቱ አልነበረኝም። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ማታ ልጁን ውጭ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “እሺ፣ ሰማሁ። ግን ቦታዬን አትመልስልኝም፤ አይደል?” አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ባልንጀራዬን ፊት ለፊት አየሁት። ከዚያ ወዲህ ፈተና ስንቀመጥ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ነጥቤ ወርዷል፤ ጓደኛዬም ተቀይሞኛል። ከልጁ ጋር ሰላምታ አለን፤ ከዚያ አላለፈም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የፈተናው ሳምንት ደርሷል። ወረቀቱ ወደ ቀኝ ሲገፋላችሁ፣ አባ እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ የሚጎድልበት ማን ነው? ቀና ብላችሁም ክፍሉን ጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ፤ እዚያው አለ።