ቀደርን የጥፋታችን መሸፈኛ አናድርገው

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

«ምን ላድርግ፣ አላህ ጽፎብኝ ነው!» የሚለው ቃል ከአንደበታችን አይጠፋም። ሰላት የተወው ወጣት «አላህ ሲያዝልኝ እሰግዳለሁ» ይላል። የልጆቹን የዕለት ጉርስ በጫት የሚጨርሰው አባትም «ቀደሬ ነው» ብሎ ያልፋል። እነዚሁ ሰዎች ሲታመሙ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣሉ፤ ለሪዝቃቸውም በጠዋት ይነሳሉ። ታዲያ ቀደር ትዝ የሚላቸው ግዴታቸው ላይ ሲደርሱ ብቻ ለምን ሆነ?

ሰበቡ አዲስ አይደለም። አላህ ቢሻ ኖሮ ባላጋራን ነበር የሚለውን የሙሽሪኮች ምክንያት ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 148ኛው አንቀጽ አንስቶ ውድቅ አድርጎታል።

ዘመናዊው ሰው ደግሞ «አስተዳደጌ ነው፣ አካባቢዬ ነው» ይላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስኪነር በ1971 እ.ኤ.አ ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን ድርጊት የሚወስነው አካባቢው ነው ሲል ተከራክሯል። የአካባቢን ግፊት ማንም አይክድም። ሆኖም ሌላው አሜሪካዊ ሚልግራም በ1963 እ.ኤ.አ ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ 40 ወንዶች ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ታዘዙ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን አላወቁም። 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ታዘዙ። 14ቱ ግን «በቃን» ብለው አቆሙ። ትዕዛዙ አንድ፣ ምርጫቸው ግን ሁለት ሆነ።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (639 እ.ኤ.አ) ገደማ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰሃባዎችን አማክረው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ይሸሹ እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ግመሎቹን በደረቁም ሆነ በለምለሙ የሸለቆ ዳር የሚያሰማራ ሰው ከቀደር እንደማይወጣም አስረዱ። ዑመር የተጻፈውን አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ በሚያውቁት ሠሩ። እኛስ ነገ የተጻፈልንን ሳናውቅ እንዴት ለዛሬው ጥፋታችን ማስረጃ እናደርገዋለን?

ሸሪዓችን ከሕፃን፣ ከተኛና አእምሮውን ከሳተ ሰው ላይ ተጠያቂነትን ያነሳል። አቅልና ምርጫ የተሰጠን ግን እንጠየቃለን። ቀደር ለደረሰብን ሙሲባ መጽናኛችን ነው፤ ለምንሠራው ወንጀል ግን ማመካኛ አይሆንም። የተውነውን ሰላት ዛሬውኑ እንጀምር፣ የልጆቻችንን ሐቅ እንወጣ፤ ከዚያም በአላህ እንመካ።

ወላሁ አዕለም።