የሚረገጥ ጌጥ

የገና ሰሞን በጅማ ገንዘብ የሚዘዋወርበት ጊዜ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም የሰነበተው ቡና ከአጋሮ፣ ከማና፣ ከሊሙ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ታኅሣሥ ሲያልቅ ለድግስ የሚሆን ነገር በብዙ ቤት አይጠፋም። ድግስ ሲታሰብ ደግሞ ቤት ማስጌጥ አብሮ ይመጣል። በቦሳ አዲስም ሆነ በሌላው የከተማዋ ሰፈር ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ስኒው ይደረደራል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል። በሆቴሎችና በአዳዲስ ሳሎኖች ደግሞ የፕላስቲክ አበባና የሚያብረቀርቅ ሪባን የያዘ የጠረጴዛ ጌጥ እየተለመደ ነው። አማኝ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፦ ነገ ለሚጣል ነገር ገንዘብና ድካም ማፍሰስ በዓሉን ማክበር ነው ወይስ ብክነት? እኔ እንደሚመስለኝ የሚጣለው ጌጥ ብዙም ሊያሳስበን አይገባም፤ ሊያሳስበን የሚገባው ተጠቅልሎ ለከርሞ የሚቀመጠው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በቢታንያ አንዲት ሴት የናርዶስ ሽቱ በኢየሱስ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ ተነሥቷል። ሽቱው በ300 ዲናር ሊሸጥ ይችል ነበር፤ አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለነበር፣ በደቂቃ የፈሰሰው የአንድ ዓመት ላብ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰባኪ ተቃውሞውን ለይሁዳ ብቻ ሰጥቶ ያልፈዋል፤ ዮሐንስም የሌባ ነገር መሆኑን ይነግረናል። ማቴዎስ ግን ያጉረመረሙት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይላል። ስለዚህ ተቃውሞው የስስታም ብቻ አይደለም፣ የቅን ሰውም ነው፤ መልስ ይገባዋል። ኢየሱስ ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ሲል የጠቀሰው የዘዳግም 15ኛ ምዕራፍም ድሃን ችላ ለማለት ፈቃድ አይሰጥም፤ ያው ጥቅስ በመቀጠል እጅህን ዘርጋ ብሎ ያዛል። ቁርኣንም በአል-አዕራፍ ምዕራፍ 31ኛ አንቀጽ የአደም ልጆች በሚሰግዱበት ቦታ ሁሉ ጌጣቸውን እንዲይዙ ካዘዘ በኋላ፣ እዚያው አንቀጽ ላይ ማባከንን ይከለክላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ቡና ተጠራርቶ በሚጠጣበት አገር ይህ መስማማት ዋጋ አለው። ሁለቱም መጻሕፍት ጌጥን አልኮነኑም፤ ልኩን እንድንፈልግ ግን ትተውልናል።

ልኩን በዋጋ ብቻ መፈለግ አያዋጣም፤ 300 ዲናሩ ተመስግኖ አንድ ብር ሊነቀፍ ይችላልና። የተሻለው መለኪያ ጌጡ በመጨረሻ የማን ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ቄጠማን ቀረብ ብሎ ላየው መልሱ እዚያው አለ። ከረግረግ የታጨደው ዘንግ ሲዳሰስ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሽታው ደህና አድርጎ የሚወጣው እንግዳው ሲረግጠው ነው፤ በማግስቱ ይጠወልጋል፣ ተጠርጎ ይወጣል። ማለትም ሥራውን የሚሠራው በመበላሸቱ ነው። ባለቤቲቱ ነገ ለራሷ የምታስቀረው ነገር የለም፤ ያወጣችው ሁሉ በመጣው ሰው እግር ሥር አልቋል። የሰፈሩ ባለጠጋም የቀን ሠራተኛውም እኩል ይረግጡታል። የፕላስቲኩ ጌጥ ተቃራኒው ነው። ጠረጴዛው መሀል ተሰይሞ እንግዳው በላዩ አንገቱን እያሰገገ ያወራል፤ ልጅ እጁን ሲሰድ «ተው!» ይባላል፤ እንግዳ ሲሄድ ተወልውሎ ወደ ቁምሳጥን ይመለሳል። እንግዳው ሊቀበለው አልመጣም፣ ሊያየው እንጂ። በቆየ ቁጥር የቤቱ ባለቤት ሀብት ይሆናል፤ ሀብት ደግሞ ማሳየትን ይወዳል።

በሚያልቅ ነገር ማስጌጥን የአገር ቤት ወግ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ዛሬ የፈረንጅ የክረምት ጠረጴዛ ጌጥ የምንለው የአድቬንት አክሊል እንኳ ታሪኩ የሚያመራው ወደዚሁ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ዮሐን ሂንሪሕ ቪሸርን የተባለ የሉተራን የነገረ መለኮት ሊቅ በሃምቡርግ ለድሃ ልጆች በከፈተው ቤት፣ ገና ስንት ቀን እንደቀረው እንዲያውቁ በእንጨት ክብ ላይ ሻማ ደርድሮ በየቀኑ ይለኩስላቸው ነበር። ሻማው ነደደ፣ አለቀ፤ ልጆቹ ግን ቀን ቆጠሩበት።

ተቃዋሚው በቀላሉ አይሸነፍም። ፕላስቲኩ አንዴ ተገዝቶ ዐሥር ዓመት ያገለግላል፤ ቄጠማ ግን በየበዓሉ ይገዛል፤ ቆጣቢው ማን ነው? በሒሳብ ካሰብነው ልክ ነው። ነገር ግን የቄጠማው ብር አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ገበያ ላይ ዘርግቶ ለሚሸጥ ሰው የዚያን ዕለት ራት ይሆናል፤ ለድሃ ያዘነ ተቃዋሚ ይህን ከሒሳቡ ማውጣት የለበትም። እግዚአብሔር ልብን እንጂ ጉዝጓዝን አያይም የሚለውም እውነት አለው፤ ኢሳይያስ ፍትሕ የሌለበትን በዓል በብርቱ ነቅፏል። የነቀፈው ግን በደም የተበከለውን እጅ ነው፤ ደጁ ለጎረቤት የተዘጋ ቤት ጉዝጓዙን ቢተወውም ከነቀፋው አያመልጥም።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ጅማ ዙሪያ ያሉት እንደ ቦዬና ቂጦ ያሉ ረግረጎች በእርሻ፣ በባሕር ዛፍና በሸክላ ጡብ አፈር ቁፋሮ ተጎድተዋል፤ በዚያ ላይ በየበዓሉ ማጨድ ተገቢ ነው? ሥሩ ሳይነካ የታጨደ ቄጠማ መልሶ ይበቅላል፤ ቄጠማ የሚፈልግ ከተማም ረግረጉ እንዳይደርቅ የሚሻበት ምክንያት ይኖረዋል። ይህ ግን ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለማልበስ በቂ ምክንያት አይሆንም። ከረከቦቱ ሥር አንድ እቅፍ ተበትኖ፣ እንግዳው ረግጦት ከአቦል እስከ በረካ ቢቀመጥበት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የአል-አዕራፉ አንቀጽ ራሱ ማባከን ይለዋል።